ሌሊት መንገድ ስታቋርጥ

በጥቅምት አንድ አጥንት ያስፈልጋል ቢባል፣
ለጋርዳር ልጅ ግና አንዱ መች ይበቃል?
ሁለት መቶ ስድስቱን በነጭ ቀለም ስሎ፣
ከወፍራም ካፖርቱ ከላይ አንጠልጥሎ፣
ወጣ ከደጃፉ፣ «ሙት ነኝ፣ ፍሩኝ!» ብሎ።

ሃሎዊን ነው ዛሬ።
በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ በዓሣ አጥማጆች መንደር፣
ዱባ ሆዱን ጠርጎ፣ ሻማ ውጦ ሊያድር፣
ጥርሱን ገልጦ ይስቃል በየቤቱ በር።
የአምስት ዓመት ንጉሥ፣ የጥጥ ጢሙን ይዞ፣
ክንፈ ሰባራ ንብ፣ እኅቱን፣ ጎትቶ ተጉዞ፣
ግብር ይሰበስባል በሩን አንኳኩቶ፤
ከረሜላ ወስዶ፣ ምስጋናን ረስቶ፣
ዘውዱ ዓይኑን ጋርዶት፣ ግራ ቀኙን ሳያይ፣
ዘሎ ይገባል አስፋልቱ ላይ።

ካልማን ይህን ይፈራል።
ቀንዳሙን አይደለም፣ ደም የተቀባውን፣
ጭምብል አጥልቆ የሚያጓራውን፤
ካልማን የሚፈራው ያልታየውን ነው።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድቷል፤
የቢጫውን ግንባር ልክ እንደ መዳፉ ያውቃል፤
ከጎማው ፊት ለፊት፣ መስተዋት የማይደርስባት
አንዲት ስፍራ አለች፣
ልጅ የሚያክል ጨለማ የሚቆምባት።

አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።
ከፈተ፤ ማንም የለም።
ከደረጃው በታች ከጨለማ በቀር ምንም የለም።
ከዚያ ጨለማው አስነጠሰ።

«ማነሽ?» አለ ካልማን፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፤
ጥቁር መጋረጃ ከአናቷ ወርዶ ደረጃው ላይ ተኝቶ።
«ድመት?»
«አይደለሁም።»
«ጠንቋይ?»
«አይደለሁም። ብሪንያም አይደለሁም ዛሬ።
ሌሊት ነኝ። አታየኝም?»
«አላይሽም» አለ ካልማን፤
ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

እናቷ ሶልቬግ ከአጥሩ ሥር ቆማ፣
ባትሪዋ እንደ በጋው መጨረሻ ፀሐይ ደክማ፣
«እጄን ያዢ ብላት እንቢ አለች» አለችው፤
«ሌሊት እጅ የላትም ትላለች።»

እንግዲህ ሌሊትን ምን ብለው ይመክሯታል?
«ንብ ሁኚ» ይሏታል? «ሮዝ ልበሺ» ይሏታል?
ካልማን አላላትም።
ከምስማሩ አወረደ የሥራ ሰደርያውን፣
በመቀስ ሸረከተ አንጸባራቂውን፣
መብራት ሲያርፍበት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚነድደውን።
(ነገ አለቃው ይቆጣል። ይቆጣ።)
አንዱ ኮከብ አራት ጫፍ ብቻ ወጣው፣
አንዱ ኮከብ መሆን አቅቶት ዓሣ ነው የመሰለው፤
ሰባት ሆኑ እንደምንም።
በመርፌ ቁልፍ ሰካቸው፣ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ አራት፤
የመጋረጃውን ጫፍም አጠፈላት፣ ጠልፎ እንዳይጥላት።

«ኮከብ የሌላት ሌሊት ወዴት ትሄዳለች?»
«ደመና ስለነበር ነው» አለች።

ማታው ገፋ።
ከሐይቁ መንገድ የኤይናር ጭነት መኪና መጣ፣
እርጥብ መረብ የጫነ፣ ፍሬኑ ያረጀ፣
ሹፌሩን እንቅልፍ የከጀለው።
መብራቱ ከጥጉ ታጠፈ፤
አስፋልቱ ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ፣
ሰማይ የማያውቀው የከዋክብት መንጋ፣
አንዱ ዓሣ ሆኖ፣
ቀስ እያለ ይሻገራል።

ኤይናር ቆመ።
ከሩቅ፣ በጊዜ፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን ቆመ።
መስኮቱን አውርዶ አንገቱን አወጣ።
ካልማን ከደጃፉ እስትንፋሱን ይዞ ነበር፤
መቼ እንደ ለቀቀው አላወቀም።

ሌሊት መሐል መንገድ ደርሳ
የመኪናውን ሁለት ዓይን አየች፣
ባለበት የሚያቃስተውን ትልቅ ብረት።
ጥቁሩ ጨርቅ ተነቃነቀ።
ከውስጡ ጓንቱ የጠፋበት፣
ከረሜላ ያጣበቀው እጅ ወጣ፤
የእናቷን ጣት ፈለገ፣
አገኘ።